አንድ ፈረስ ያለፈበት መንገድ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስትናገር «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብላ ታልፋለች። ዝርዝር አትገባም። ቢዘረዘርም ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም። ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ዘጠኝ ኮምፒውተር በሰዓት የሚያከራይ ጌም ቤት ነበር። እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ፣ ኪቦርድ ላይ ቆሎ የሚበላውን እቆጣለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ባለቤቱን ሁላችንም ሃጂ ነው የምንላቸው። በደህናው ጊዜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ፤ ባለ ተሳቢ። ከወደቡ ጭነው በሚሌ፣ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገባሉ። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ይያያዙታል። የሄደበት ያውቀዋል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ደሴ ስትደርስ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ወጥተሃል። በ1990 ዓ.ም. አሰብ ሲዘጋ መኪናውን ሸጡና ሌላ ሌላ ነገር ሞካከሩ። ጌም ቤቱ ከሙከራዎቹ አንዱ ነው። ጌም ምን እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ሒሳቡን ይቆጥራሉ፣ ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ልጆቹን «እናንተ ቤት የላችሁም?» ይላሉ፣ ይሄዳሉ።

ቤቱን ያቆመው አንድ ጌም ነው፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እኛ ዘንድ ተገልብጦ ተገልብጦ በተቧጨረ ሲዲ የደረሰ። እንጨት ትቆርጣለህ፣ ታርሳለህ፣ ከተማ ትሠራለህ፣ ጦር ታሰለጥናለህ፣ ጎረቤትህን ትወራለህ። ስምንት ሰው በ«ላን»፣ ማለት ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው ገመድ፣ ተያይዞ ይጋጠማል። ቁጥር ጽፈህ ኢንተር ስትል ለሁሉም የሚሰማ ድምፅም አለው። 14 ከጻፍክ «ጀምሩት እንጂ!» እያለ በእንግሊዝኛ ይጮኻል። 30 ከጻፍክ ደግሞ «ወሎሎ» የምትለው ዜማ ትወጣለች። ልጆቹ ይቺን «ወሎ ነው የሚለው» ብለው ለራሳቸው ወስደዋታል። ሊሸነፉ አንድ ሐሙስ ሲቀራቸው ሳይቀር 30 ይጽፋሉ። ማን ይከልክላቸው።

ጌሙ የራሱ የማፕ፣ ማለት የመጫወቻ ካርታ፣ መሥሪያ አለው። ባዶ መሬት ይሰጥሃል። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ጫካውን፣ ገደሉን በማውስ ትቀባለህ። እኔ በዚህ ተለከፍኩ። መጀመሪያ ሐይቅን ሠራሁ፤ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን፣ ውኃው ውስጥ እንደ ምላስ የገባውን መሬት ሳይቀር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ የቶልኪንን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የሚባል ልብ ወለድ አዋሰኝ። ታሪኩን ሳልጨርስ ካርታው ላይ ተጣበቅሁ። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የታተመ ነው፤ ካርታውን የሳለው የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ነው። ደራሲው ራሱ ከካርታ ጀምሮ ታሪኩን ለካርታው እንዳስገጠመ ተናግሯል። ይህን ስሰማ ልቤ አበጠ። እኔም ከካርታ ነዋ የጀመርኩት!

የመጽሐፉን ዓለም ጌሙ ላይ ልሥለው ተነሣሁ። ሐሳቡ የኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው። የልብ ወለድ ዓለም ጌም ላይ የሚስሉ ልጆች በየአገሩ ሞልተዋል። የተጫዋች ማፕ ደግሞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ዶታ የሚባለው ጌም የተወለደው ተጫዋቾች ዋርክራፍት 3 በሚባል ሌላ ጌም ላይ ከሠሩት ማፕ ነው። የኛም ጌም በ2013 ያገኘው ተጨማሪ ክፍል ከተጫዋቾች ሥራ የተነሣ ነው። በ2015 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው፣ ከነዮዲታቸው ገቡበት። በኛ ጊዜ ሐበሻ አልነበረም። ልጆቹ «እኛ ለምን የለንም?» ሲሉኝ፣ የሠራሁት እኔ ይመስል፣ «እነግራቸዋለሁ» እላለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ከምሽቱ ሦስት እስከ ስድስት። የመረጥኩት ትልቁን መጠን ነው፤ 240 በ240፣ ማለት 57,600 ካሬ። የክፉውን ጌታ አገር ሞርዶርን መጽሐፉ እንዳለው በሦስት ወገን በተራራ አጠርኩት። የመጽሐፉን ሮሃን የሚባል አገር ጌሙ ውስጥ ላሉት ፍራንኮች ሰጠሁ፣ ፈረሰኛ ስለሆኑ። ሌላዋ አገር ጎንዶር ቢዛንታይን ሆነች። ኤልፍ የሚባሉትን የጫካ ሕዝቦች ኬልት አደረግኋቸውና ዙሪያቸውን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ተከልኩላቸው። አስማተኛውን ሽማግሌ ጋንዳልፍን በመነኩሴ ሠራሁት።

ገደሉ ላይ ግን ነፍሴን ጣልኩ። ጦሳን እያየ ያደገ ሰው ሜዳ መሳል አይሆንለትም። መተላለፊያዎቹን አጠበብኳቸው። አንዳንዱ አንድ ካሬ ብቻ። ጠባብ በር ያምራላ! በመጽሐፉ ውስጥ የሮሃን ክፍተት የሚባል አለ፤ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መሐል የተተወ ሰፊ ቦታ ነው። እሱንም አላሳለፍኩትም፤ አጠበብኩት።

ፈትሸኸው ነበር ወይ? ካላችሁ፣ አዎ ፈትሻለሁ። አንድ ፈረስ ከሞርዶር አስነሣሁና ጎንዶር ላይ ጠቅ አደረግሁ። ሄደ። እየተጠማዘዘ፣ በየበሩ እየሾለከ፣ ደረሰ። ሻይ ይዤ አየሁት። ከሌላ ማዕዘንም አስነሣሁ። ደረሰ። ሴቭ አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

የአረፋ ማግሥት ውድድር ጠራን። ስምንት ልጅ፣ የመግቢያ ብር፣ ለአሸናፊው የአንድ ወር ነጻ ጨዋታ። ተመልካቹ ከወንበሮቹ ጀርባ እስከ በሩ ድረስ ቆሟል። ማፑ ሲከፈት «ማሻ አላህ!» ተባለ። በረዶው፣ ገደሉ፣ ጫካው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የኔ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትከሻዬን የተመታሁበት የለም።

በሃምሳኛው ደቂቃ ገደማ ሞርዶርን የያዘው የባቲ ልጅ ጦሩን አስነሣ። እግረኛው ከፊት፣ ድንጋይ ወርዋሪው ከኋላ። በዚያው ሰዓት ሮሃንና ጎንዶር ተባብረው ከወዲያ መጡ። ሁሉም ወደዚያችው አንድ ካሬ። ከፊት ያሉት ሁለት ወታደሮች ይዋጋሉ። ከኋላ ያሉት መቶ ምናምኑ መንገድ ሲያጡ ዞረው ሌላ መንገድ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ሌላ መንገድ የለም፤ ይመለሳሉ። የሚመለሱት ከሚሄዱት ጋር ይጋጫሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ መግቢያው ላይ ግመል ሲተኛ ማለት ነው።

ከዚያ ማሽኖቹ መንፈራገጥ ጀመሩ። ለአንድ ተጫዋች 200 ሰው ቢበዛ፣ ለስምንቱ 1,600 ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መንገድ ይፈልጋል። የላን ጨዋታ ደግሞ ሁሉንም እኩል ማስኬድ ስላለበት፣ አንዱ ኮምፒውተር ሲያነክስ ሁሉም አብሮ ያነክሳል። የኛ ቤት አንካሳ አምስት ቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይ ፈረሱ አንድ እግሩን ያነሣል፤ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላውን ያነሣል። አንዱ ተንኮለኛ 14 ጻፈ። «ጀምሩት እንጂ!» አለ ስፒከሩ። ጨዋታው ከተጀመረ ሰዓት ሊሞላው ነው! ሌላው ተቀበለ። ስምንቱም ተቀባበሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

በዚህ መሐል ዝም ብሎ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። ኤልፎቹን የያዘው። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲጅ ኦናገር የሚባለው ትልቁ ድንጋይ ወርዋሪ ዛፍ እንደሚጥል ያውቃል። ጫካዬን፣ ሁለት ሌሊት የተከልኩትን ጫካ፣ ከውስጥ እየመነጠረ የራሱን ጎዳና ከፈተ። ወጣና ጎረቤቱን ኢዘንጋርድን በላው። «ተበላሸ! ማጭበርበር ነው!» ተባለ። ጭቅጭቅ። ብራችንን መልሱ። መለስኩ።

ማታ ሃጂ መጡ። መሳቢያው ባዶ ነው።

«ምን ሆነ?»

«ማሽኑ ነው ሃጂ። አምስት ቁጥር። ራም ያንሰዋል።»

ይቺ ናት እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ። ማፑን ማበላሸት ያለ ነው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ችግሩ ማፑ እንደሆነ ግማሹ ልቤ ያውቅ ነበር። ማሽን መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማሽኑ ላይ ላከክሁ። ሃጂም «ራም ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጉልበት በሉት» አልኳቸው። ጉልበት ያነሰው መኪና ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቃል ሳይተነፍሱ ገንዘቡን አወጡ። ራሙ ተገዛ፤ ተገጠመ። በሁለተኛው እሁድ ውድድሩን ደገምነው። እዚያችው በር ላይ ያው ሆነ።

ሃጂ በዚያን ቀን ቀደም ብለው መጥተው ኖሮ ከበሩ ላይ ቆመው አይተዋል። ልጆቹ ሲወጡ አጠገቤ ወንበር ሳቡ። ስኒያቸውን ኪቦርዱ ጎን አስቀመጡ፤ ሌላ ሰው ቢሆን እቆጣው ነበር።

«እስቲ አሳየኝ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ገደል ነው።»

«ይሄስ?»

«መንገድ ነው።»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው መንገዱን ተከተሉት። ቀስ ብለው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ወጪና ወራጁ የት ነው የሚተላለፈው?»

ዝም አልኩ።

«ተሳቢ ይዘህ ሐረጎን ስትወጣ ከላይ ሌላ ተሳቢ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ዳር እይዛለሁ።»

«ያንተ መንገድ ዳር የለውማ! ማን ነው የሞከረው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በፈረስ።»

«በስንት ፈረስ?»

«በ... አንድ።»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ባዶ መኪና ይዘህ ሐረጎን ወጣሁት ትለኛለህ እኮ፣ ልጄ!» ከዚያ ነገሩን ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ የወሎ ሽማግሌ ወሬው መቅደላ ሳይደርስ አይመለስም። «ቴዎድሮስ ለወሎ ደግ አልነበረም፤ እሱን ተወው። ግን ያን መድፍ ሲያመጣው ፈረስ አልፏል ብሎ አይደለም የተነሣው። እያስቆፈረ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሡ በ1867 መገባደጃ ላይ እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ መንገድ እያስጠረጉ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። በዚያው መንገድ እግረኛ በቀናት ይደርሳል። መድፉ ግን ወራት ወሰደ።

«ራሙስ?» አሉኝ ሃጂ።

«ከደሞዜ ይቆረጥ» አልኩ።

«አብሽር። ማሽኑን ግን ዳግመኛ እንዳታማ።»

በዚያ ሌሊት መጽሐፉን ከፍቼ የተራራውን ክፍል አነበብኩ። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው የሚጓዙት። ካራድራስ ላይ በረዶው ይመልሳቸዋል፤ በሞሪያ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ልቤን የሰረቀው ጠባብ በር፣ ያ ደረጃ፣ ያ ቀጭን ድልድይ፣ ጥቂት ሰው ተደብቆ የሚያልፍበት ነው። ታሪክ የሚያምረው እዚያ ነው። ጦር የሚሄደው ግን በሰፊው ክፍተት ነው። ደራሲው ትቶልኝ ነበር፤ የደፈንኩት እኔ ነኝ። የዘጠኝ ሰው መንገድ ወስጄ ለ1,600 ሰው ሰጠሁ።

ክፍተቱን አሥር ካሬ አደረግሁት። ገደሉ አጠገብ ጦር ተሰብስቦ የሚቆምበት ሜዳ ተውኩ። ከደቡብ ሁለተኛ መንገድ ከፈትኩ። አንድ ካሬዋንም አላጠፋኋትም፤ ከጎን ተውኳት፣ ፈረስ ልኮ መሰለል ለሚፈልግ። የኤልፎቹን ልጅ ደግሞ ከመክፈቻ ሰዓት በፊት እየጠራሁ፣ በነጻ፣ «አበላሽልኝ» እለዋለሁ። ያበላሻል። ሁለት ጊዜ እኔ ያላየሁትን ቀዳዳ አገኘ፤ አንዴ ደግሞ ጋንዳልፍን ራሱን ማርኮ ወሰደብኝ። ሙሉ ጦር ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሳናሳልፍ ማፕ ማስጫወት ቀረ።

ያቺን ክፍተት ማን እንደሰየማት አላውቅም። አንድ ሰሞን ሁሉም «ሐረጎ» ይላት ጀመር። «ሐረጎ ላይ ጠብቀኝ»፣ «ሐረጎን ይዣለሁ»። የሮሃን ስም ተረሳ።

አንድ ማታ ሃጂ ሒሳብ እየቆጠሩ ነው። የባቲው ልጅ ከአምስት ቁጥር ጮኸ፦ «ሐረጎ ተዘጋ!»

ሃጂ ቀና አሉ። «ማን ነው የዘጋው? በየት በኩል?»

«ጌሙ ላይ ነው፣ ሃጂ» አልኳቸው።

«እሱማ ገብቶኛል። ዳር ይያዝ በለው።» ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ።