ቦቄ ማታ ማታ ለምን ትራገጥ ነበር?

ሱሉልታ ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ባለችው በረት አራት ዲቃላ ላሞች አሉን። ከእነሱ አንዷ፣ ግንባሯ ላይ ስላለው ነጭ ቦቄ ያልናት፣ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ጥጃዋን በወለደች በወሩ ግራ የሚያጋባ ጠባይ አመጣች። ጧት በ11 ሰዓት ስትታለብ ፉርሽካዋን እየበላች ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ ማታ በ11 ሰዓት ግን አላቢው ያው፣ ባልዲው ያው፣ መኖው ያው ሆኖ ሳለ ትራገጣለች፣ ወተቷንም ትደብቃለች። ጎረቤቶቻችን ክፉ ላም ስለሆነች ሳንከስር እንድንሸጣት መከሩን፤ አላቢያችንም የኋላ እግሮቿን በገመድ መጠፈር ጀመረ። መጠፈሩ ርግጫውን አስቀረ እንጂ ወተቱን አላመጣም።

ነገሩ የእልህ አልነበረም። ላም ወተቷን የምትለቀው አስባበት አይደለም፤ ግቷ ሲታጠብና ሲታሽ ወይም ጥጃዋ ሲጠባት ከአንጎሏ ሥር ያለው ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቃል፣ እሱም በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግቷ ደርሶ ወተት የቋጠሩትን ጥቃቅን ከረጢቶች ይጨምቃል። የደነገጠች ላም ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ግን ወደ ግት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ የኦክሲቶሲንንም ሥራ ያደናቅፋል። እናቴ ሆርሞኑን በስም ባታውቀውም ሥራውን ታውቀው ነበር፤ ገጠር ሳለን የሀገር ላም ጥጃዋ ሳይቀርብላት አትታለብም፣ ጥጃው ከሞተም ቆዳው ጭድ ተሞልቶ ይቀርብላት ነበር። እናቴ ስታልብ ማንጎራጎሯም ለራሷ ደስታ ብቻ አልነበረም።

ፍርሃቱን የሚያመጣው ደግሞ የግድ ዱላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩሸንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ላሞቹ የሚፈሩት ሰው ሳይነካቸው አጠገባቸው መቆሙ ብቻ፣ ታልበው ካበቁ በኋላ በግታቸው የሚቀረውን ወተት በ70 በመቶ ጨምሮታል። የቀረውን ጥጃዋ ይጠባዋል፣ ጥጃ ጠባ ሆድ ገባ የሚል አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ ጥጃውም የሚያገኘው የተለቀቀውን ብቻ ነው፣ በግት ውስጥ እየቀረ የሚከማች ወተት ደግሞ አዲስ ወተት መመረቱን ያዘገየዋል።

ሦስት ማታ በግርግሙ በኩል ተቀምጬ ፊቷን ብቻ አየሁ። በመጀመሪያ ታመሰኳለች። ከዚያ በድንገት ማመስኳቷን ታቆማለች፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ ጅራቷን በእግሮቿ መካከል ትወሽቃለች፣ የዓይኗም ነጭ ጎልቶ ይወጣል፤ አላቢው ገና ግቷን አልነካም። በሦስተኛው ማታ ጆሮዎቿ የዞሩበትን ስከተል ከኋላዋ ያለው የቆርቆሮ በር ሲከፈት አየሁ። ገቢው ዘበኛችን ነበር፤ የሱሉልታን ብርድ ስለሚያውቁ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል።

ያኔ ነው የሆነው ሁሉ ትዝ ያለኝ። ቦቄ በወለደች ሰሞን የግት በሽታ ይዟት፣ የእንስሳት ሐኪም ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየመጣ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ በዚያው በር እየገባ፣ እዚያው በምትታለብበት ቦታ እንደታሰረች አምስት ቀን መርፌ ወግቷታል። የላም ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን 330 ዲግሪ ያህል ታያለች፤ በቀጥታ ከጅራቷ ኋላ ያለውን ግን አታይም። ሕመሙ የመጣባት ከማታየው አቅጣጫ ነው፤ አንገቷን ጠምዝዛ ስትመለከት ያየችውም ነጭ ልብስ ነው። ከብቶች ሰውን በልብሱ ቀለም ጭምር እንደሚለዩ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። የመርፌውን ቦታ የመረጥነው እኛ ስለሆንን ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሁሉም ላም ግን እንደ ቦቄ አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሐኪም፣ በዚያው ቦታ የተወጋችው ሌላዋ ላማችን ዳማ በማግስቱ ረስታዋለች። ደንባሪነት በከፊል የሚወረስ ጠባይ ነው፤ እኛ ግን አዳቃዩን ስንጠራ ስለ ኮርማው የምንጠይቀው የልጆቹን ወተት ብቻ ነው፣ ጠባያቸውን ማንም አይጠይቅም።

ገመዱን ፈታን፣ መርፌና ክትባት ከበረቱ ውጭ እንዲሆን አደረግን። አስቸጋሪው ዘበኛችንን ማስረዳቱ ነበር። «ለላም ብላችሁ ጋቢዬን ልታስወልቁኝ ነው?» ብለው ተቀየሙን። አሮጌ ካኪ ካፖርት ገዛንላቸው፣ በፊት ለፊት በር እንዲገቡና ሲያልፉ አንድ እፍኝ ፉርሽካ እንዲሰጧት ለመንናቸው። ለሦስት ሳምንት ያህል ጆሮዋን ማዞሩን አልተወችም፤ ከዚያ በኋላ የማታው ወተት ከጧቱ ጋር ተቀራረበ። አሁን ድምፃቸውን ስትሰማ አንገቷን ታሰግጋለች። ጋቢያቸውን ግን እስከ ዛሬ በረቱን ካለፉ በኋላ ነው የሚደርቡት።