የጽጌረዳ ሻይ በደሴ ጉም

ግቢያችን ውስጥ እናቴ የተከለችው ቀይ ጽጌረዳ አለ። ሲያብብ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። አምና ነሐሴ ላይ ዝናቡ አበባውን ሲያረግፈው አሳዘነኝ። ለምን ሻይ አላደርገውም አልኩ።

የመጀመሪያው አልሆነልኝም። አበባውን ከነጤዛው ለቀምኩና ሰፌድ ላይ ከምሬ ጓዳ አስቀመጥኩት። ያን ሳምንት የጦሳ ተራራ ጉም አልገፈፍ ብሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን እጄን ባስገባበት ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይዞታል። እናቴ አሸተተችውና "ልጄ፣ በርበሬ እንዲህ ተከምሮ ይሰጣል እንዴ?" አለችኝ። ሁሉንም ደፋሁት። የሻገተ ነገር ለቅሞ መጠቀም የለም።

መስከረም ላይ እንደገና ጀመርኩ። ጤዛው እስኪለቅ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ድረስ ጠብቄ ቀጠፍኩ። የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ ነቅዬ ከሥሩ ያለችውን ነጭ ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩ፤ እሷ ናት የምትመረው። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳይነባበር ዘረጋሁት፤ ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚያልፍበት ቦታ። ግማሹን ለሙከራ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር። ቶሎ ደረቀ፣ ግን ቀለሙም ሽታውም ሄዶ ድርቆሽ መሰለ። የጥላው በአራተኛው ቀን መዳፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ኮሽ አለ። ያኔ ብልቃጥ ውስጥ ከደንኩት።

አፈላሉንም ተሳስቼ ነበር። እንደ ሻይ ቅጠል ሳንተከትከው መረረ። አሁን ውኃው ሲፈላ ከእሳት አወርደዋለሁ፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ አበባ እጨምራለሁ፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ከድኜ አቆየዋለሁ። ደብዘዝ ያለ ነው የሚወጣው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ግን ዓይኔ እያየ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ይህን ለማየት ብቻ ብዙ ቀን አፍልቻለሁ።

እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ ከኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ ሙቀት አገር። እሷ ከርከዴ ነው የምትወደው። ብዙ ሰው አበባ ይለዋል እንጂ የሚፈላው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ በአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ አታፍሉት። የደም ግፊትም ዝቅ ሊያደርግ ይችላልና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለስጦታ የሚሸጥ ጽጌረዳ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል ለሻይ አይሆንም። የማታውቁትንም አበባ አትሞክሩ። ኮሶም እኮ አበባ ነው፤ አያቶቻችን ለትል ሲጠጡት እንኳ በልክና በፍርሃት ነበር።

እናቴ ከቡና ሌላ አትቀምስም ነበር። ሰሞኑን ግን በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ፣ "እስቲ ያን የአበባውን አምጪው" ትለኛለች።