ደንገል ነው፣ ድንግል አይደለም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኛን ባንድ ስም ያወጣው ግን ኪቦርዲስታችን ነው፤ ያውም እየተራገመ።

2003 ዓ.ም. ነው፤ አራታችንም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ተማሪዎች ነን። ለተመራቂዎች ምሽት ልንጫወት ስንመዘገብ አስተባባሪው "የባንዱ ስም?" አለን። ተያየን። ስም የሚባል ነገር ለካ አላሰብንም። ኪቦርዲስታችን ያን ቀን ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር ረግረግ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። "ይሄን ደንገላችሁን እሳት ይብላው!" ብሎ ሲጀምር አስተባባሪው ቀና ሳይል "ደንገል" ብሎ ጻፈ። በቃ፣ እንደዚያ ነው የተወለድነው።

ጣናን በፎቶ ብቻ ለሚያውቅ፦ ደንገል ውኃው ዳር የሚበቅለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው። አሁን አሁን የዳር እርሻውና እምቦጩ ተጋግዘው አሳስተውታል እንጂ፣ ያኔ ሰው የሚውጥ ነበር። ኪቦርዲስታችን ምስክር ነው።

ጣጣው የጀመረው በመጀመሪያው ፖስተር ነው። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ስህተት ያረመ መስሎት "ድንግል ባንድ" ብሎ አተመልን። ሁለት ፊደል ናት ልዩነቷ። ከግቢ ጉባኤ፣ ከኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት፣ የመጡ ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። የኔ ቤዝ ሁለት ጊዜ ድም ድም ሲል ተያይተው ተነሡ። አንዷ በሩ ላይ ዘወር ብላ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። እማየ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ የድንግል ማኅበር አገልጋይ ሆነልኝ" ብላ አውርታ ነበር። ማን እንደሚነግራት ተፈራርተን ሁለት ዓመት አለፈ።

የምንለማመደው ሽምብጥ ሰፈር፣ የኪቦርዲስታችን አክስት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር። መብራት ሲሄድ ኪቦርዱም አምፕሊፋየሩም ጸጥ ይላሉ፤ ድምፃዊያችን ክራሩን ያወርድና ድራመራችን የውኃ ጀሪካን ይመታል። እውነቱን ለመናገር ምርጥ ዜማዎቻችን የመጡት መብራት በሌለበት ነው። ሦስተኛው ዘፈናችን በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተሠራው፣ ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር አልስማማ ብሎ ስንጨቃጨቅ መብራት ሄዶ ክራሩ ስላሸነፈ ነው። መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዲስታችን አኩርፎ አንድ ጣት ብቻ እየነካ አጀበ። ሰው ያንን አንድ ጣት ነው የወደደው። አራት ዘፈን ቀረጽን፤ በፍላሽ እየገለበጥን በተንን፤ ሠርግ በሠርግ ሆንን።

2008 ላይ አንድ የአዲስ አበባ ፕሮሞተር አገኘን። ስሙን እዚህ አልጽፍም። "ደንገል ምንድን ነው? የገጠር ነገር ነው፤ ፈረንጅም አይጠራው" አለ። "ብሉ ናይል ግሩቭ" ሆንን። አባይ በደጃፉ የሚያልፍ ሰው ራሱን ብሉ ናይል ብሎ ሲጠራ እስቲ አስቡት። ሸሚዝ ሳይቀር ሰማያዊ አስለበሰን። በአሥር ወር ውስጥ የሦስት መድረክ ክፍያ ቀረብን፤ እርስ በርስ ተነካከስን፤ ተበተንን። የዩቲዩብ ቻናሉ በኔ ኢሜይል ስለተከፈተ ስሙ እኔ ጋ ቀረ፤ ብቻዬን ስምንት ዓመት ለበስኩት።

ባንድ ስም መቀየሩ ነውር ሆኖ አይደለም። አይቤክስ ባንድም ሮሃ ባንድ ሆኗል። (አይቤክስ እኮ ዋልያ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ዋልያስ ባንድም ነበር፤ አንድ አውሬ ለሁለት ባንድ!) ግን ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፤ እነሱ የፈረንጁን ስም ትተው ወደ ላሊበላ የጥንት ስም መጡ። እኛ የተገላቢጦሽ ሄድን።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋብን ቻናሌም ተመልካቼም አብረው ጠፉ። ሰው ወደ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ተመለሰ። ታዲያ አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን በባጃጅ እየተሻገርኩ ነው። 380 ሜትሩን ሳንጨርስ ሾፌሩ ፍላሽ ሰካ፤ ያቺ አንድ ጣት ኪቦርድ መጣች። ከዚያ የኔ ቤዝ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

"የማን ነው?" አልኩት።

"ደንገል የሚባሉ የድሮ ልጆች ናቸው። ተበትነዋል አሉ።"

"ብሉ ናይል ግሩቭስ ታውቃለህ?"

"ሆቴል ነው?"

ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ?

ስምንት ዓመት የለፋሁበትን ስም ማንም አላስቀመጠውም። ሰው ፍላሹ ላይ የጻፈው ደንገል ብሎ ነው። እመለሳለሁ አልኩ።

በሕግ ከሆነ ማንም አይከለክለኝም ነበር። የባንድ ስም የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ 501/1998 መሠረት የሚመዘገብና በየሰባት ዓመቱ የሚታደስ። እኛ ያስመዘገብነው ነገር የለም። ዘፈኑ ግን ሌላ ነው፤ አዋጅ 410/1996 የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንም መብት ይጠብቃል። ይህችን ሁለተኛዋን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

ድራመራችን ዱባይ ነው፤ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፦ "ውሰደው ባክህ። ከበሮውን በኮምፒውተር ከሠራኸው ግን ስሜን እንዳታነሳ።" ኪቦርዲስታችን ባንክ ይሠራል፤ ስሙ ከእርግማኑ እንደመጣ በጽሑፍ እንዲታመንለት ጠየቀ። ይኸው፣ ታመነልህ።

ድምፃዊያችን ዘማሪ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ጊዮርጊስ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠበቅኩት። ነጠላውን መስቀልኛ ለብሶ ወጣ፤ ተቃቀፍን፤ ሻይ ልንጠጣ ገባን። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ስሄድበት ሳቀ።

"ወንድምዓለም፣ ደንገል እንደሆነ የሐይቁ ነው፤ ከኔ ምን ያስፈልግሃል? ውሰደው። ድምፄን ግን ተውልኝ።"

"የትኛውን?"

"አራቱንም።"

አራቱ ናቸው እኮ ደንገል የሚባሉት። ያቺን ሦስተኛዋን ጨምሮ። "ሰው በየባጃጁ እየሰማው ነው፤ ምን ይጎዳሃል?" አልኩት። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ አስተናጋጇ ዞር ብላለች።

"ባጃጁን ሁሉ ማስቆም አልችልም። አንተን ግን መለመን እችላለሁ።"

ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ቢቆጣኝ እከራከረው ነበር። ሻዩን እሱ ከፈለ። ተናድጄ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ ሄድኩ፤ አሁንም ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ጉሮሮው የራሱ ነው፤ ገብቶኛል። ግን እዚያ ቀረጻ ውስጥ የኔም ጣቶች አሉ። ለዚህ የሚሆን አዋጅ ቢኖርም ሄጄ አላነብም።

እናም የሆነው ይህ ነው፦ ቻናሉ ከትናንት ጀምሮ "ደንገል" ይባላል፤ አራቱ ዘፈኖች ግን አይኖሩበትም። ጭኜያቸው የነበሩትን ሁለቱን አውርጃለሁ። ሦስተኛዋን ያለ ድምፅ፣ ዜማዋን በቤዝ እየመራሁ፣ ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር እንደገና እየቀረጽኳት ነው። ማሲንቆውም ከኪቦርድ ጋር አይስማማም፤ አመሉ የቆየ ነው። አንዷን ጣት እኔው እነካለሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሐይቅ ዳር ነው። በቀን የሆነው ማታ ባጃጅ በጊዜ ስለሚቆም ነው። ለፖስተሩ ጽሑፉን በእጄ፣ በትልልቁ ጻፍኩ፤ ደ እና ገን በቀይ እስክርቢቶ አከበብኳቸው። ማክሰኞ ከሰዓት ማተሚያ ቤቱ ደወለ። ሌላ ማተሚያ ቤት ነው፣ ሌላ ልጅ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ድንግል ለማለት ፈልገው ነው?"