ሁለት የእርሾ ሕዋሳትን እንዴት አዋሃድኩ

እርሾ አዳቅላለሁ ስል ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "ለምን ዝም ብለሽ አታጋቢያቸውም?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዳቦውም የጠጁም እርሾ የሆነው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ "ኤ" እና "አልፋ" የሚባሉ ሁለት የመጋቢያ ዓይነቶች አሉት፤ አንድ ሳህን ላይ ከተገናኙ ማንም ሳያስገድዳቸው ይዋሃዳሉ። የእኔዎቹ ግን ሁለቱም ኤ ነበሩ፤ ኤ ከኤ ጋር አይጋባም። ስፖር (ለመጋባት የሚበቁ የመራቢያ ሕዋሳት) የማያወጡ የፋብሪካ እርሾዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ከሚቀሩት መንገዶች አንዱ የሕዋሳቱን ግድግዳ አውልቆ በኬሚካል ማጣበቅ ነው። ዘዴው በእርሾ ላይ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1977 ታትሟል፤ እስካሁንም ብዙ አልተለወጠም።

ከሁሉ በፊት ጊዜ የወሰድኩት ወላጆቹን በመምረጥ ላይ ነው። አንደኛው ዝርያ አዴኒን መሥራት አይችልም፤ ሁለተኛው ላይሲን መሥራት አይችልም፤ ሁለቱም ሕዋሱ ለማደግ የሚያስፈልጉት ነገሮች ናቸው። ሁለቱም ነገሮች በሌሉበት ምግብ ላይ ለየብቻቸው አይበቅሉም፤ ከተዋሃዱ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ጂኖቹ በአንድ ፊደል ለውጥ የተበላሹ ሳይሆኑ ጨርሶ የተቆረጡ እንዲሆኑ አጥብቄ ፈልጌ ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ በራሱ ተመልሶ ይስተካከልና ድቅል ያገኘን ይመስለናል። አዴኒን የማይሠራው ዝርያ ሌላም ጥቅም አለው፤ አዴኒን ሲያጥረው ቀይ ቀለም ስለሚያጠራቅም ኮሎኒው (ሳህን ላይ የሚታየው የሕዋሳት ክምር) ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ጉድለቱ የተሸፈነለት ድቅል ግን ነጭ ነው።

ማታ የዘራኋቸውን ጠዋት በአዲስ ምግብ አቅጥኜ በፍጥነት በሚባዙበት ሰዓት ሰበሰብኳቸው። ያረጀ ሕዋስ ግድግዳው ይወፍራል፤ ግድግዳውን የሚፈጨው ኢንዛይምም ይቸገርበታል። መጀመሪያ በዲቲዮትሬይቶል ነከርኳቸው፤ የግድግዳውን ውጫዊ ፕሮቲኖች የሚያስተሳስረውን የሰልፈር ማሰሪያ ይፈታል። ሜርካፕቶኤታኖልም ይሠራል፣ ሽታውን ለሚችል። ከዚያ በ1.2 ሞላር ሶርቢቶል ውስጥ ዛይሞሊዬዝ የሚባለውን ግድግዳ ፈጪ ኢንዛይም ጨምሬ 30 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሶርቢቶሉ ከሌለ ግድግዳ ያጣ ሕዋስ ውኃ ስቦ ይፈነዳል።

መቼ እንደሚበቃ የሚነግረን ይኸው መፈንዳቱ ነው። በየአሥር ደቂቃው ሁለት ጠብታ እወስዳለሁ፤ አንዱን በሶርቢቶል፣ አንዱን በንጹሕ ውኃ አቀጥናለሁ። ግድግዳው ሲወልቅ የውኃው ብልቃጥ ድፍርስነቱን እያጣ ይጠራል። በማይክሮስኮፕም እንቁላል መሰሉ ሕዋስ ድብልብል ሲል ይታያል። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሲፈነዱ አቆማለሁ። ሁሉም እስኪወልቁ መጠበቅ ትጋት ይመስላል፤ ግን ጥቂት የግድግዳ ቅሪት ያለው ሕዋስ ግድግዳውን መልሶ ለመሥራት ይቀለዋል፤ ኢንዛይም ውስጥ የከረመው በብዛት ይሞታል።

ከዚህ በኋላ እጅ ይለሰልሳል። ቮርቴክስ (በኃይል የሚንጠው መሣሪያ) የለም፤ ሴንትሪፊውጁ (አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው) በዝግታ፤ የፒፔቱ ጫፍ ሰፊ፤ የሚነካቸው ፈሳሽ ሁሉ ሶርቢቶል ያለበት።

ማዋሃዱ ራሱ አጭር ነው። ሁለቱን በእኩል ቁጥር ደባልቄ 35 በመቶ ፖሊኢትሊን ግላይኮል 4000 እና 10 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተውኳቸው። ወፍራሙ ፈሳሽ ውኃቸውን ስቦ ያኮማትራቸዋል፣ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ በካልሲየሙ እየታገዘ ሽፋናቸው ይቀላቀላል። ስለ ዘዴው የሚያወራ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይቆያል። እኔ ግን ቀላሉ ክፍል ይህ ነው ባይ ነኝ።

ከባዱ ግድግዳቸውን መልሰው እንዲያቆሙ ማድረግ ነው። እርቃኑን የቀረ ሕዋስ አጋር (ምግቡን የሚያረጋው ጄል) ላይ ሲዘረጋ የሚሠራው የግድግዳ ቁስ ወደ ዙሪያው ይበተንበታል። ስለዚህ ሶርቢቶል ያለበት 3 በመቶ አጋር አቅልጬ፣ ወደ 45 ዲግሪ ሲበርድ ሕዋሳቱን ውስጡ ቀብሬ አፈሰስኩ። ከዚያ በላይ ከሞቀ ይሞታሉ፤ ከዚያ በታች ከበረደ ሳይፈስ ይረጋል። ኮሎኒዎቹ የሚታዩት ዘግይተው ነው፤ ሳህኑን ቸኩሎ መጣል አያስፈልግም።

ከዋናው ሳህን ጎን የተቀመጡት ማነጻጸሪያዎች ናቸው ያሳረፉኝ፦ እያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው፣ ድብልቁ ያለ ፖሊኢትሊን ግላይኮል፣ እንዲሁም በውኃ የፈነዳው ናሙና በተሟላ ምግብ ላይ። የመጨረሻው ግድግዳው ያልወለቀ ስንት ሕዋስ እንደቀረ ይናገራል። እነዚህ ከሌሉ የበቀለው ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ነጭ ኮሎኒ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ያ ቀይ ቀለም እንዲፈጠር ሕዋሱ መተንፈስ አለበት፤ ሚቶኮንድሪያው (የሚተነፍስበት ክፍሉ) የተበላሸ የአዴኒን ጎደሎም ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ የተማመንኩት በሌላ ፈተና ነው። ኤ ከኤ የተዋሃደ ድቅል ክሮሞሶሞቹ በጥንድ በጥንድ ቢሆኑም ከአልፋ ጋር ይጋባል፣ በፖታሲየም አሲቴት ምግብ ላይም ስፖር አያወጣም። በብክለት የገባ ተራ ኤ-አልፋ ዲፕሎይድ (ከኤ እና ከአልፋ ጋብቻ የተገኘ ባለ ጥንድ ክሮሞሶም ሕዋስ) ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይገለበጡ ነበር።

በመጨረሻም ኮሎኒዎቹን አዴኒኑም ላይሲኑም ባለበት፣ ግን አዴኒኑ በቶሎ በሚያልቅበት ምግብ ላይ ደጋግሜ አዛወርኳቸው። ከአንዳንዶቹ ውስጥ ቀይ ኮሎኒዎች ብቅ አሉ፤ ማለት ሕዋሱ እንጂ ኒውክሊየሱ አልተዋሃደም ነበር፣ ሁለቱ ኒውክሊየሶች ጎን ለጎን ኖረው ግፊቱ ሲነሳ ተለያዩ። የኤ ሕዋሳትን ቀድሞ የአልፋ ፌሮሞን (አልፋ ሕዋሳት ለጋብቻ የሚለቁትን ኬሚካል) ማቅመስ ኒውክሊየሶቹ እንዲዋሃዱ ያግዛል፤ በሚቀጥለው ዙር ከዚያ እጀምራለሁ። ቀይ ያላወጡትን ለይቼ በግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ የዲኤንኤ መጠናቸው በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋሳትን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) እስኪለካ ድረስ መለያቸው ላይ "ተጠርጣሪ ድቅል" የሚል ጽፌያለሁ።