ማን ተያዥ ይሁናት?

ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ተከራይታ ትኖር ነበር። አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ልጇን ጎረቤት ላሉት እማማ ትሰጥና ትወጣለች። ንጋት ላይ ትመለሳለች። እማማ ልጅ የሚያሳድሩበትን ሒሳብ በየማለዳው ነው የሚቀበሉት፣ ዱቤ የለም።

እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ስነሳ ሁሌ የማየው አንድ ነገር ነበር። ልጇን ከመቀበሏ በፊት ቧንቧው ጋ ቁጭ ብላ እጇን እስከ ክርኗ፣ ፊቷን፣ አንገቷን በልብስ ሳሙና ፈትጋ ትታጠባለች። የክረምት ብርድም ቢሆን። ውሃ የጠፋ ቀን ከጀሪካን እየቀዳች። ታጥባ ሳትጨርስ ልጁን አትነካውም፣ እያለቀሰ እጁን ቢዘረጋላት እንኳ «መጣሁ የኔ ጌታ፣ መጣሁ» እያለች ትታጠባለች እንጂ።

ግቢው ሁሉ ሥራዋን ያውቃል። በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። «ያቺ» ነበር የምትባለው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ገላቸውን ስለሚሸጡ ሴቶች «ሥራ ሞልቶ እያለ ለምን ከዚያ ሕይወት አይወጡም?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የምሩን ነው የጠየቀኝ። እኔም የምሬን ልመልስለት።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚገባበት እንይ። እሷ ለእናቴ እንደነገረቻት፣ ከገጠር የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አውቶብስ ተራ ስትወርድ አንድ ፌስታል ልብስና በመቀነቷ የቋጠረቻት ትንሽ ብር ነበረቻት። «እህቴ፣ ሥራ ፈልገሽ ነው?» ያላት ደላላ በአገሯ ልጅ አነጋገር ነው የቀረባት። ሰው ቤት አስገባት። እመቤቲቱ «ደሞዝሽን አጠራቅምልሻለሁ» አሏት። ሰባት ወር ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ወርቅ ጠፋ ተባለና የሰባት ወር ደሞዟን ሳትቀበል በር ተዘጋባት። የት ሄዳ ትክሰስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ዛሬ ያለው ቁጥር 1156/2011 እንኳ፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። በስንት ቤት ሌሊት ተነስታ እሳት የምታቀጣጥል ልጅ በዚህ ሕግ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም።

የምታውቀው ሰው ያው ደላላ ብቻ ነው። ወደ እሱ ተመለሰች። እሱም አንድ ግሮሰሪ ውስጥ «አሳላፊ» አድርጎ አስገባት። ደሞዝ የለም። ባለቤቲቱ ቀሚስ ገዛችላት፣ ጫማ ገዛችላት፣ ጸጉሯን አሠራችላት። ሁሉም በዕዳ ነው። የምትተኛበት አልጋ በየቀኑ ይታሰባል፣ የምትበላውም ይታሰባል። ዕዳው የሚጻፍበት ደብተር ባለቤቲቱ ጋ ነው። ልጅቷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። እንግዲህ ያ ደብተር መቼ ያልቃል?

ሰው መነገድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቤሩትና ሪያድ ነው። ይህ ግን ድንበር ሳይሻገር እዚሁ ከአውቶብስ ተራ ጥቂት ፌርማታ ርቀት ላይ የሚሠራ ንግድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በማታለል ወይም ችግረኛነቷን በመጠቀም ሴትን መልምሎ፣ አጓጉዞ፣ አስጠልሎ በገላዋ የሚያተርፈውን ሰው በሰው መነገድ ወንጀል ይጠይቀዋል። ልጅ ከሆነች ደግሞ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መልስ አያድነውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 634 አቃጣሪውንና ለዚሁ ሥራ ቤት የያዘውን ይቀጣል እንጂ ገላዋን የምትሸጠውን ሴት አይደለም የሚከሰው። አፈሳ ሲመጣ ግን መኪና ላይ የሚጫኑት ሴቶቹ ናቸው። ደላላው እዚያው ማዶ ቆሞ ያያል። ደብተር የያዘችው ሴትዮም ቤቷ ነች። ሥሩን ትቶ ቅጠል መበጠስ ነው፣ እኔ እንዲህ ነው የሚታየኝ።

አሁን መውጫው ጋ ልምጣ። ወዳጄ ያልገባው ይህ ነው።

እሷ ሞክራለች። አንዴ አይደለም። እንጀራ መጋገሪያ ሄደች፣ «ተያዥ አምጪ» አሏት። ሆቴል ጽዳት ሄደች፣ «ተያዥ፣ ያውም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመጣ ደሞዝተኛ»። ሰው ቤት ልግባ ብትል መታወቂያ ያለው ተያዥ። መታወቂያ ላውጣ ብትል ከትውልድ ቀበሌሽ መሸኛ አምጪ። አገሯ እንዳትሄድ ቤተሰቦቿ ዓረብ አገር ያለች ነው የሚመስላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዓመት ኖራ የምታውቃቸው ሰዎች ደላላው፣ ባለቤቲቱ፣ እንደሷ መንገድ ላይ የሚቆሙ ጓደኞቿና ሌሊት የሚመጡት ወንዶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ማን ነው ተያዥ የሚሆናት? መንገድ ላይ ለመቆም ግን ተያዥ አይጠየቅም። ደብዳቤም መታወቂያም አይጠየቅም። ሥራ ሞልቷል የሚባለው ሁሉ ለእሷ በሩ ዝግ ነበር፣ የተከፈተላት ያ አንዱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ልብስ ስፌት አሠልጥኖ ሰርተፊኬት መስጠት ብቻውን የማይበቃው። ሥልጠናው ሦስት ወር ነው እንበል። በእነዚያ ሦስት ወራት የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ልጁ የት ይውላል? ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እግሯ በለመደው ሰዓት፣ ማን አጠገቧ ይሆናል? እልልታ የሚባለው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲሠራ ሴቶቹን ከልጆቻቸው ጋር የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ምክሩም፣ የልጅ ማዋያውም፣ ሥራውም አብሮ ነው የሚሄደው። ከተማ አስተዳደሩም በ2016 «ለነገዋ» የሚል ስም የሰጠውን የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ከፍቷል፣ በዓመት 10,000 ሴቶችን እንዲቀበል ተብሎ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን ከማዕከሉ ተመርቃ ስትወጣ የሚጠብቃት ያው «ተያዥ አምጪ» የሚለው ጥያቄ ነው። እሱን ማዕከል አይመልሰውም። እኛ ነን የምንመልሰው፣ ደሞዝ ያለን፣ መታወቂያ ያለን፣ ደብዳቤ የሚጻፍልን ሰዎች።

እናቴ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ያቺ ሴት በራችን ላይ መጣች። ታጥባለች፣ ልጁን አዝላለች። አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሊቀጥሩኝ ነው፣ ተያዥ ነው የጎደለኝ» አለች። እናቴ ፈራች፤ አልዋሽም። አባቴም «ነገ ዕቃ ጠፋ ቢሉ ከደሞዝሽ ነው የሚቆረጠው» አላት። እኔም በልቤ «እምቢ በያት» ያልኩ ይመስለኛል። እናቴ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ከቢሮዋ ደብዳቤ አጽፋ መጣች። «የማን ልጅ እንደሆነች ባላውቅም እንዴት እንደምትታጠብ ዓይቻለሁ» ነው ያለችው።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዟ ለኪራይና ለእማማ አይበቃም ነበር፤ እማማ ከሌሊት ወደ ቀን ቢዞሩም ሒሳባቸውን አልቀነሱም። ሁለት ማታ ያህል ተመልሳ ወጥታለች። ነግራናለች ራሷ፣ እያለቀሰች። እናቴ አልተቆጣቻትም፣ የወሩን ኪራይ ግማሽ ሰጥታት ዕቁብ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ በኋላ አልወጣችም። ግቢው ውስጥም ቀስ በቀስ «የእንትና እናት» ተባለች፣ በልጇ ስም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተንን። እሷ ወደ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ሄደች፣ እኛም ወደ ሌላ። ሥራዋ ላይ ግን አለች። ልጁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። መሥሪያ ቤቷ የተያዥ ፎርም በየጊዜው ያሳድሳል፣ እናቴ ደግሞ ጡረታ ወጥታለችና የእሷ ደብዳቤ አያገለግልም። ባለፈው ጥቅምት ደወለችልኝ። «የማስቸግርሽ ነገር ነበር» ብላ ጀመረች፣ ድምፅዋ ያኔ በራችን ላይ እንደነበረው ነው።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ ያጻፍኩት ደብዳቤ የእሷን ነው።