ሰምና ወርቅ መፍታት፦ ስድስተኛው ወር

በዚህ ወር ደብተሬ ላይ የመዘገብኳቸው ባለ ሰምና ወርቅ ስንኞች 31 ደረሱ፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው፣ ወርቁ ከሥሩ የተደበቀው ትርጉም ነው። ያለ ሰው እርዳታ የፈታኋቸው 19 ናቸው፤ በመጀመሪያው ወር ሦስት ብቻ ነበሩ። የምሞክረው የአማርኛውን ነው። ከግእዝ ቅኔ ዓይነቶች ባለ ሁለት ቤቱን (ባለ ሁለት መሥመሩን) ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ለመድፈር ግእዝ ያስፈልጋል፤ እዚያ ገና አልደረስኩም።

ለወራት ወደ ኋላ የጎተተኝ ስንኙን ጽፎ ላዩ ላይ የማፍጠጥ ልማዴ ነው። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የያዘው ቃል፣ እንግዳ ቃል ውስጥ የተደበቀ እየመሰለኝ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሻለሁ። ይህን በቃል ሲባል የሰማሁትን ሁለት ሳምንት ይዤው ከረምኩ፦

ምን ያደርጋል ጠላ፣ ምን ያደርጋል ጠጅ፣
ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

ሰሙ ግልጽ ነው። ግን ጠላቱን ቡና አፍልቶ የሚሸኝ ማን ነው? ነገሩ እዚህ ላይ እንደሚጎረብጥ አውቄአለሁ፤ ከዚያ አልፌ መሄድ ግን አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ስጠርግ እናቴ ከውስጥ ሆና «ቀስ በል ልጄ፣ አቧራውን ቡን አታድርገው!» አለችኝ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ቡና አድርገው» ፈጠን ተብሎ ሲነገር ሁለቱ ድምፆች ይዋዋጡና «ቡን አድርገው» ይሆናል፤ ጠላትን እንደ አቧራ በትነው! ወረቀቱ ላይ ያለው ክፍተት ነበር የከለለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንኞቹን የምጽፈው ቃላቱን አያይዤ ነው። ከዚያም ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ከ19ኙ ሰባቱ የተፈቱልኝ በማጥበቅና በማላላት ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቱን የምከፍተው አሁን በመጨረሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳልከፍተው እጨርሳለሁ።

በዚህ ሳምንት የራሴን አንድ ስንኝ ገጠምኩ። ቤት እንዲመታና የየመሥመሩ ቀለም (የድምፅ ምት) ስድስት በስድስት እንዲሆን ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ከጠዋት ይዞት ውሎ ወርቁን ያገኘው ምሳ ላይ፣ ለራሱ እያንጎራጎረ ሳለ ነው። እናንተም በዓይናችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ ሞክሩት፦

ጠፍታ ቀረች ስንል አገር ላገር ስትዞር፣
ለካ ከገበያ ልብስ ትገዛ ነበር።