«ከባልዲውስ ለምን አይለኩም?»

ለገጣፎ ከአንዲት ደንበኛዬ ቤት ያጋጠመኝን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ወይዘሮዋ በሳሎናቸው 400 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አላቸው። ገንዳውን የተከለላቸው ሌላ ባለሙያ ሲሆን፣ ሰውየው ጨውም ስለሚሸጥ ለተነሣው ችግር ሁሉ የሚያዝዘው መድኃኒት «ውሃ ቀይሩ» የሚል ብቻ ነበር። እኔ የተጠራሁት ኮራሎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ወደ ቡናማ ሲያደሉ፣ መስታወቱም በተወለወለ በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ሲለብስ ነው። በውሃው ውስጥ ከምግብና ከዓሣ ቆሻሻ የሚጠራቀመውን ናይትሬት ስለካው በመለኪያው የቀለም ካርድ ላይ 80 ከሚለው ቀይ ጋር ገጠመ፤ ኮራል ላለበት ገንዳ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ባያልፍ እመርጣለሁ። በዚያ ባለሙያ ላይ ስስቅ ከርሜ ያዘዝኩት መድኃኒት ግን «ውሃ እንቀይር» የሚል ሆነ።

በየቅዳሜው 120 ሊትር እየቀዳን አፈሰስን፣ በምትኩም 120 ሊትር አዲስ ውሃ እየበጠበጥን ጨመርን። በሊትር 35 ግራም ሲታሰብ ይህ በየሳምንቱ 4.2 ኪሎ የአኳሪየም ጨው ማለት ስለሆነ፣ ወይዘሮዋ «የአፋር ጨው ሞልቶ ሳለ!» እያሉ ቢያጉረመርሙ አልፈረድኩባቸውም። የምግብ ጨው ኮራል የሚፈልገውን ካልሲየምና ማግኒዥየም እንደማይሰጥ አስረድቼ አለፍኩ። የመለኪያው ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንሽ ፈዘዝ አለና በ40 እና በ80 መካከል ቆሞ ቀረ። የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቼ አጠብኩ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) እንደማይሠራ አስቤ በእርሱም አሳበብኩ። ሁለቱም ሳይሆን ሲቀር ወደ ምግቡ ዞርኩ።

በመርሕ ደረጃ ስሕተት አልነበረም። ወደ ገንዳው የሚገባ ምግብ ሁሉ፣ ተበልቶም ሳይበላም፣ መጨረሻው አሞኒያ ነው፤ አሞኒያውን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ከዚያ በኋላ ናይትሬቱ በራሱ የሚወጣበት በር ጠባብ ስለሆነ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ዓሦቹን የምታበላው ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ ናት። እርሷ ቆማ እየሰማች «ምግብ ይበዛባቸዋል» አልኳቸው። ወይዘሮዋ ዞረው «ስንቴ ልንገርሽ?» አሏት፤ ልጅቱም «አንድ ቁንጥር ብቻ ነው እኮ የምሰጣቸው እትዬ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔ መለኪያዬን ወደ ሣጥኑ መለስኩ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ልጅቱ ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ቀድታ በርሜሉን ሞልታ ስትጨርስ፣ የገንዳውን ውሃ ለመለካት ተቀምጫለሁ። የመጨረሻውን ባልዲ አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ የምሰጠው ምግብ ነው አሉ አይደል?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።»

«ከባልዲውስ ለምን አይለኩም? እዚያ ውስጥ እንኳ ምግብ አልጨመርኩም።»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከልቤ አልነበረም፤ ምክንያቱም አዲስ ገንዳ ሲተከል በመጀመሪያ የሚለካው የሚገባው ውሃ መሆኑን እኔው ራሴ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ነኝ። ሌሎቹ ደንበኞቼ የሚጠቀሙት የቧንቧ ውሃ ሲሆን እዚያ ናይትሬቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ስላገኘሁት መለካቱን ትቼው ነበር። የለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባቸው ሆኖ ለከተማው ውሃ ሲልክ፣ ይህ ግቢ ግን የሚኖረው በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ በላይ በኩል የጎረቤት መጸዳጃ መኖሩንም በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ከባልዲው 5 ሚሊሊትር ቀድቼ ከአንደኛው ጠርሙስ 10 ጠብታ ጨመርኩ። ሁለተኛው ጠርሙስ ሳይናወጥ ከተንጠባጠበ ውጤቱ የሐሰት ዝቅተኛ ይሆናል፤ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በኃይል መናወጥ አለበት። ለእርሷ ሰጠኋትና እኔ ከማናውጠው እጥፍ አናወጠችው። 10 ጠብታ፣ አንድ ደቂቃ መነቅነቅ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ የነበረው ብርቱካናማ ሆነ፣ ብርቱካናማው ቀላ፤ ከካርዱ ጋር ሳስተያየው ከ40 አላነሰም። አራት ቅዳሜ ሙሉ ናይትሬት ለማስወጣት ስል ናይትሬት ስጨምር ከርሜያለሁ።

በወረቀት ላይ አሰላሁት። 40 ባለው ውሃ በየሳምንቱ 30 በመቶ የሚቀየር ገንዳ፣ ከዓሦቹ በሳምንት አራት ያህል ብቻ ቢጨመርበት እንኳ፣ መቶ ዓመት ቢቀየር ከመቀየሩ በፊት ሲለካ ከ53 አይወርድም። ልጅቱ ስሌቱን ከትከሻዬ በላይ ትመለከት ነበርና፣ እየጻፍኩ ሳለሁ ከዚያ ሁሉ የባሰውን ጥያቄ አመጣች።

«የማሙሽ ወተት የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነው። ለዓሣ የማይሆን ለሕፃን ይሆናል?»

ማሙሽ የወይዘሮዋ የልጅ ልጅ ነው፤ ገና አራት ወሩ። መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም መሆኑን፣ ወሰኑም በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ታሳቢ አድርጎ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። «ከ50 በታች ነው» ለማለት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በእጄ ያለው ካርድ ከ40 ዘልሎ 80 ነው የሚለው፤ በመካከል 45 ይሁን 60 የሚነግር ቀለም የለውም። ለኮራል «በግምት» ብዬ ስናገር የኖርኩት ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ደግሜ አየሁት።

«አፍልቼው ነው ግን» አለች፣ እኔን የማጽናናት ያህል።

መፍላት ጀርም እንጂ ናይትሬትን እንደማያጠፋ፣ ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ እንዲያውም የቀረው እንደሚወፍር ነገርኳት። ወይዘሮዋ ገብተው «ውሃው መጥፎ ነው» የሚለውን ጫፉን ብቻ ሰምተው «ለዓሦቹ?» ብለው ጠየቁ። እኔ መልስ ሳደራጅ ልጅቱ «ለማሙሽም» አለቻቸው።

የታሸገ ውሃ በካርቶን የመጣው በዚያው ምሽት ነው፤ ጉድጓዱንም ላቦራቶሪ እንዲያስመረምሩ መክሬ ተስማሙ። በተከታዩ ሳምንት ለገንዳው አርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ) ከነግፊት መጨመሪያ ፓምፑ ገጠምኩ። በአምስት ሳምንት ናይትሬቱ ወደ 20 ወረደ፤ መስታወቱም ሳምንት ሳይወለወል መቆየት ጀመረ። ማጣሪያው የሚጥለው ውሃ ከሚያጠራው ስለሚበልጥ፣ ልጅቱ የሚጣለውን ወደ ጎመኑ አዙራዋለች፤ ጎመኑ ናይትሬቱን ወዶታል። ወይዘሮዋ ለሥራው ከፍለው ሲሸኙኝ ስለ ምግቡ ነገር ምንም አላነሡም። እኔም ልጅቱን ይቅር እንድትለኝ ሳልጠይቃት፣ የመለኪያውን ካርድና ባዶ ጠርሙሱን ብቻ ሰጥቼ ወጣሁ።

እኔም ከከተማው ዳር ነው የምኖረው፤ ቧንቧ በማይመጣበት ሳምንት ከግቢያችን ጉድጓድ ነው የምንቀዳው። አዲሱ መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቅዳሜ እለካዋለሁ ብያታለሁ።